ጥያቄውን ጠይቆ መልሱን ያልሰማው ዋለልኝ መኮንን



በዚህ ዓምድ እህቶቻችን የታወቁ ሰዎችን ታሪክ ሲያስነብቡን ቆይተዋል። ተራው ለእኔ ሲደርስ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ስለ ገቢና ወጪ እጽፋለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ስሙ በተነሳ ቁጥር ሰውን ለሁለት ስለሚከፍል አንድ ወጣት ልጽፍ ፈለግሁ። ዋለልኝ መኮንን ይባላል። እሱን የመረጥኩበትን ምክንያት አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር መጨረሻ ከቡድኖቻችን አንዱ የሳምንቱን ቁጠባ ሰብስቦ፣ ቆጥሮና መዝግቦ ከጨረሰ በኋላ እንደ ልማዳችን ቡና ተፈላ። በቤቱ ሬዲዮ ተከፍቶ ስለ ብሔር ብሔረሰቦች ቀን ይወራ ነበር። በወሬው መካከል የዋለልኝ ስም ተጠራ። አንዲት እናት ፊታቸው ፈካ አለ። ታላቅ ወንድማቸው በ1983 ዓ.ም. ዘመቻ ዋለልኝ በተባለው ውጊያ ላይ የሞተባቸው ናቸው። ዋለልኝ ለድሃ ብሎ የሞተ ልጅ ነው፣ ወንድሜም በስሙ ነው የወደቀው አሉ። ከጎናቸው የተቀመጠችው እህት ደግሞ ከወለጋ ተፈናቅላ፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ አገር የተመለሰች ናት። እሷ የሰማችው ሌላ ነው። ቤቴንና ከብቴን ያሳጣኝ ያ ሰው የጻፈው ጽሑፍ ነው አለችና ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ተነስታ ወጣች።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ እኔ ባልጻፍኩ ነበር። እኚያ እናት ለዚህች እህት የበግ ማድለቢያ ብድር ዋስ ሊሆኑ ቃል ገብተው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የዋስትናው ቅጽ ሳይፈረም እጄ ላይ ቀረ። አንዷ ለምኜ አላስፈርምም አለች፤ ሌላዋም ሳልለመን አልፈርምም አሉ። ከሃምሳ ዓመት በፊት የሞተ ሰው የእኛን የብድር ቅጽ አስቆመው ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ማን እንደነበረ፣ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ ለማወቅ ተነሳሁ። ያገኘሁትን እነሆ።

ከበሽሎ ማዶ

ዋለልኝ የሩቅ አገር ሰው አይደለም። የስማዳ አባሎቻችን ቁልቁል ሲያዩ በሽሎ ወንዝን፣ ከበሽሎ ማዶ ደግሞ የወሎን ሳይንት ያገኛሉ። ዋለልኝ መኮንን የተወለደው በ1937 ዓ.ም. በዚያው በሳይንት ነው። ቋንቋው የእኛው አማርኛ፣ ደጋውም የእኛው ደጋ ነው። በሬው፣ ገብሱ፣ ማኅበሩና ጽዋው ከጋይንትና ከእስቴ የሚለይ አይደለም። በዚያ ዘመን ከሳይንት ተነስቶ ደሴ ለመድረስ የቀናት መንገድ ይጠይቅ ነበር። የገበሬ ልጅ ፊደል ቆጥሮ ከዚያ ማለፉ ትልቅ ዕድል ነው።

ዋለልኝ ይህን ዕድል አገኘና ደሴ በሚገኘው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተማረ። እዚህ ላይ ለእኛ ለሴቶች የምትሆን አንዲት ነገር አለች። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ስም ነው። በሴት ስም በተሰየመ ግቢ ውስጥ ግን ደብተር ይዘው የሚገቡት አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ሴቷ ውኃ ትቀዳለች፣ እህል ትፈጫለች፣ ለአካለ መጠን ሳትደርስ ትዳራለች። ዋለልኝ አጥንቶ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በአገሩ ስንት ብሩህ ሴት ልጅ ወፍጮ ሥር እንደቀረች የሚያውቅ የለም። መዝገብ አልተያዘላቸውምና።

ስድስት ኪሎ

በአዲስ አበባ የገባው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዋናው ግቢ ንጉሠ ነገሥቱ ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለትምህርት የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ዋለልኝ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ሆነ። ከገጠር ለመጣ ልጅ ያ ግቢ ሌላ ዓለም ነበር። ጠግቦ ይበላል፣ በነፃ ይማራል፣ ሲመረቅ ሹመት ይጠብቀዋል። ዝም ብሎ ቢማር ኑሮው የተመቻቸ ነበር።

ዝም የሚባልበት ዘመን ግን አልነበረም። በደቡብ ጭሰኛው ካመረተው ላይ ለባለመሬት ይገብራል። በእኛ አካባቢ መሬት ርስት ቢሆንም ገበሬው ግብርና መዋጮ ከብዶት ነበር። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውሞ ከዓባይ ማዶ የጎጃም ገበሬ አምጿል። በባሌም ለዓመታት የዘለቀ አመፅ ነበር። ተማሪዎቹ ይህን እያዩ የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ወደ ፓርላማ ሰልፍ ወጥተው መሬት ለአራሹ ይሰጥ አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የከተማው ድሆች ታፍሰው ሾላ በተባለ ቦታ መታጎራቸውን ተቃውመው ተሰለፉ። ዋለልኝ ያደገው በዚህ እሳት ውስጥ ነው። ማርክስንና ሌኒንን አነበበ፣ ተከራከረ፣ ጻፈ፣ ከአንድ ጊዜ በላይም ታስሮ ተፈታ።

ስለ እነዚያ ተማሪዎች ስናነብ የምናደንቀውን ያህል የሚያሳዝነንም አለ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ የልብስ ትርዒት ሲዘጋጅ ተቃዋሚ ተማሪዎች በር ላይ ቆመው ሊያዩ የመጡትን ሴቶች ሰደቡ፣ ጎነተሉ፣ የበሰበሰ እንቁላል ወረወሩባቸው። ምክንያታቸው የውጭ ባህል አገር እያበላሸ ነው የሚል ነበር። የተጨቆነ ነፃ ይውጣ የሚሉ ልጆች ቀሚሷ ያጠረች ሴት ላይ እጃቸውን አነሱ። በግቢው የነበሩት ሴት ተማሪዎች በጣም ጥቂት ስለነበሩ ይህን የሚሞግትላቸው ብዙ ሰው አልነበረም።

የነፃነት ታጋዮች ስም ከተማሪዎቹ አፍ አይጠፋም ነበር። በታወቀው የፋኖ መዝሙራቸው ውስጥ የቬትናሙ ሆ ቺ ሚን ስም ይጠራ ነበር። ሆ ቺ ሚን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1911 በመርከብ ላይ የወጥ ቤት ረዳት ሆኖ አገሩን ለቆ የወጣ ሰው ነው። የተመለሰው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት በየአገሩ እየዞረ ሲሠራ፣ ሲማር፣ ሲታሰርና ሰው ሲያደራጅ ቆየ። የቬትናም ሴቶች ኅብረት የተመሠረተው እንኳ በ1930 ነው፤ ነፃነት ከታወጀበት ዓመት 15 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። የእኛ ልጆች ስሙን ዘመሩት። ያን ሁሉ ዓመት መጠበቁን፣ ገበሬውንና ሴቷን እየዞረ ማደራጀቱን ግን ለመማር ጊዜ አልነበራቸውም።

አምስት ገጽ

ሆ ቺ ሚን በሞተ በሦስተኛው ወር፣ ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ ልሳን በሆነው ታገል መጽሔት ላይ የዋለልኝ ጽሑፍ ወጣ። ርዕሱ ስለ ኢትዮጵያ የብሔረሰቦች ጥያቄ ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን ርዝመቱ አምስት ገጽ ያህል ነው። ጸሐፊው ገና የ24 ዓመት ልጅ ነበር።

ዋለልኝ በጽሑፉ ያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ማለት ማን ነው? ኢትዮጵያ የብዙ ብሔረሰቦች አገር ሆና ሳለ እንደ ኢትዮጵያዊ ለመቆጠር ግን የአማራውን ቋንቋ መናገር፣ ልብሱን መልበስ፣ ዘፈኑን ማድመጥ፣ እምነቱን መቀበል፣ አንዳንዴም ስም እስከ መለወጥ መድረስ ያስፈልጋል ሲል ተከራከረ። የሚፈልገውም አገር እንዲፈርስ አልነበረም። ሁሉም እኩል የሚሳተፍበት መንግሥት እንዲመሠረት ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩትን የመገንጠል እንቅስቃሴዎችም ለድሃው የቆሙና ሶሻሊስታዊ ካልሆኑ አይጠቅሙም ብሎ ነቅፏል። ወታደር በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን መያዙም መፍትሔ እንደማይሆን ጽፏል። መንገዱ የትጥቅ ትግል ነው ብሎ ደመደመ።

ይህን የጻፈው ራሱ አማራ መሆኑ ነው ሰውን ያስደነገጠው። ሌላ ቢጽፈው ኖሮ ጥላቻ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። የሳይንት ልጅ ሲጽፈው ግን ሁሉም ቆሞ አነበበው። ደጋፊዎቹ ከራሱ ጥቅም በላይ ለእውነት የቆመ ሰው ነው ይሉታል። ተቺዎቹ ደግሞ የገዢውን መደብና የሕዝቡን ስም አደባለቀ፣ በሳይንትና በጋይንት በባዶ እግሩ የሚያርሰውን የአማራ ድሃ ከገዢ ጋር አንድ ላይ አስቆጠረው ይላሉ።

እኔ ጽሑፉን ባነበብኩ ጊዜ ሁለቱም ወገን የያዘው ነገር እንዳለ ታየኝ። የሌላውን ቋንቋና ስም መናቅ የነበረ እውነት ነው፤ ያንን በድፍረት ተናገረ። ነገር ግን በሽሎን ተሻግሮ የሚመጣው የስማዳ ገበሬ፣ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለግብር የሚሸጠው አባት፣ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ራሱን ፈልጎ ቢያጣ አይፈረድበትም። እኛ ሴቶች ደግሞ ከየትኛውም ብሔረሰብ ብንሆን በእነዚያ አምስት ገጾች ውስጥ ለብቻችን የተነሳልን ነገር የለም።

ጽሑፉ በወጣ በስድስተኛው ሳምንት፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዝዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ይዘው ሲያለቅሱ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኩሰውባቸው ሌሎችም ሞቱ። ከዚያ ቀን በኋላ በንግግር የሚመጣ ለውጥ አለ ብሎ የሚያምን ተማሪ ጥቂት ሆነ። ከዚያ በፊትም ቢሆን በነሐሴ 1961 ዓ.ም. ሰባት ተማሪዎች ከባሕር ዳር የተነሳ አውሮፕላን ጠልፈው ካርቱም ገብተው ነበር። ዋለልኝም የመጨረሻ መንገዱን የመረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ኅዳር 29

ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ሰባት ወጣቶች እንደ መንገደኛ ሆነው ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ አውሮፓ በሚበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጄት ላይ ተሳፈሩ። ዋለልኝ መኮንን፣ ማርታ መብራህቱ፣ ጌታቸው ሀብቴ፣ ዮሐንስ ፈቃዱ፣ አማኑኤል ዮሐንስ፣ ተስፋዬ ቢረጋ እና ታደለች ኪዳነ ማርያም ናቸው። ሽጉጥና ቦምብ ይዘዋል።

ከመካከላቸው ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ማርታ የጄኔራል ልጅ ናት፤ የሕክምና ተማሪ ነበረች። ያን ጊዜ ሐኪም ሆና የምትመረቅ ኢትዮጵያዊት ሴት በጣት የምትቆጠር ነበረች። ጥቂት ብትታገሥ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ እናቶችን ታዋልድ ነበር። ስለ ማርታ ባነበብኩ ቁጥር የምትመጣብኝ የእኛ አገር ወላድ ናት። በቃሬዛ ተጭና ጤና ጣቢያ ሳትደርስ መንገድ ላይ የቀረችው ወላድ። ማርታ ለእሷ ነበር የምታስፈልገው።

አውሮፕላኑ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ወጣቶቹ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ቀደም ብለው በተፈጸሙ ጠለፋዎች ምክንያት ግን በመንገደኞች መካከል የጸጥታ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ተኩስ ተከፈተ። በጠባቡ የአውሮፕላን ሆድ ውስጥ፣ ከማንም ጋር ጠብ በሌላቸው መንገደኞች መካከል ተታኮሱ። ከጠላፊዎቹ እጅ የወጣ ቦምብ ፈንድቶ የአውሮፕላኑን ወለል በሳው። መንገደኞች ቆሰሉ። አብራሪው የተጎዳውን አውሮፕላን እንደምንም ይዞ ቦሌ መልሶ አሳረፈው። ከሰባቱ ወጣቶች ስድስቱ ሞቱ። ታደለች ኪዳነ ማርያም ብቻ ቆስላ ተረፈች። ዋለልኝ ሲሞት 27 ዓመቱ ነበር።

ይህን ክፍል ስጽፍ ብዙ ጊዜ አቁሜያለሁ። ጀግንነት ነው የሚል አለ፤ ወንጀል ነው የሚልም አለ። እኔ የማስበው ስለ ሁለት ዓይነት እናቶች ነው። አንደኛዋ ልጇ ትምህርት ላይ ነው ብላ የምትጠብቅ እናት ናት፤ የልጇን ሞት በወሬ ትሰማለች። ሁለተኛዋ በዚያ አውሮፕላን ውስጥ ልጇን የሸኘች እናት ናት፤ ልጇ ምንም ሳያደርግ ሊሞትባት ነበር። የመጀመሪያዋን ኀዘን አከብራለሁ። የሁለተኛዋን ድንጋጤ ግን ማንም ታሪክ ጸሐፊ ቢሆን ሊያስረሳኝ አይገባም።

ከሞቱ በኋላ

ዋለልኝ በሞተበት ዓመት የትውልድ አገሩ ወሎ ተራበ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የረሃቡ ፊልም ሲታይ ዓለም ሁሉ ደነገጠ። በየካቲት አብዮቱ ፈነዳ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ ሥልጣን ያዘ፤ ዋለልኝ አይሆንም ያለው የወታደር መንግሥት መጣ ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና መሬት ለአራሹ የሚለው ጥያቄ ተመለሰ ተባለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆም። በአገራችን ልማድ ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። ታርማለች፣ ትኮተኩታለች፣ ታጭዳለች፣ ጎተራውን ትጠብቃለች፤ አራሽ ተብላ ግን አትጠራም። በጥንቱ ርስት እንኳ ሴት በእናቷም በአባቷም በኩል ቆጥራ መሬት ትጠይቅ ነበር። አዋጁ ወንድና ሴት ብሎ ባይለይም፣ በየቀበሌው ሲተገበር የሚመዘገበው የቤቱ አባወራ ነበር። በክልላችን የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ከባል ጎን በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የሰፈረው በ1990ዎቹ ነው። መሬት ለአራሹ ከተባለ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ቆይቶ ማለት ነው። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ባል ሲሞትባቸው ወይም ሲፈቱ መሬታቸው ላይ የቀሩት በዚያ ደብተር ነው። ጥያቄው ሲጠየቅ እኛ ስላልነበርን መልሱ ሲመጣም ዘግይቶ ደረሰን።

የዋለልኝ ጓደኞች ደግሞ ለሁለት ተከፈሉ። በኢሕአፓና በመኢሶን ስም ተለያይተው ተገዳደሉ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ከተማውን ደም አለበሰው። ልጇ ተገድሎ በር ላይ የተጣለባት እናት እንዳታለቅስ የተከለከለችበት ዘመን ነው። በበረሃ የነበሩት ድርጅቶች ግን የዋለልኝን ጥያቄ ይዘው ቆዩ። ኢሕአዴግ በ1983 ዓ.ም. ጎንደርና ጎጃምን የያዘበትን ዘመቻ ቴዎድሮስ፣ ወሎን የያዘበትን ደግሞ ዘመቻ ዋለልኝ ብሎ ሰየመው። የእኚያ እናት ወንድም የሞተው በዚህኛው ነው።

ከዚያም አሁን ያለው ሕገ መንግሥት ጸደቀ። የጸደቀበት ቀን ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ዋለልኝ በሞተ ልክ በ22ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። ዛሬ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ተብሎ የሚከበረውም ይኸው ቀን ነው። በዚያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ብሔር ብሔረሰቦች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን፣ እስከ መገንጠል የሚደርስ መብት አላቸው። ብዙዎች በቋንቋቸው መማርና መዳኘት የቻሉት በዚህ ሥርዓት ነው። በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ደግሞ ብዙዎች ተወልደው ባደጉበት መንደር አገራችሁ አይደለም ተብለው ተፈናቅለዋል። እህታችን ከወለጋ የመጣችው በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛ ሒሳብ

ታዲያ የእህታችን ቤትና ከብት በዋለልኝ ዕዳ ይመዝገብ?

በእኛ ማኅበር ዕዳ የሚጻፈው ገንዘቡን ወስዶ በፈረመው ሰው ስም ነው። ብድር ያስፈልገናል ብሎ ሐሳብ ያነሳው ሰው ተበዳሪ አይባልም። ዋለልኝ ጥያቄ አነሳ። ሕገ መንግሥቱን አላረቀቀም፤ ከ22 ዓመት በፊት ሞቷል። ማንንም ከቤቱ አላስወጣም። መልሱን የጻፉት በኋላ የመጡት ናቸው፤ ቤት ያቃጠሉትም ስምና እጅ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የእነሱን ዕዳ ለሟች ማሻገር ሒሳቡን ያበላሻል፤ ባለዕዳውም በሰላም ይሄዳል።

ይህ ማለት ግን የዋለልኝ ገጽ ባዶ ነው ማለት አይደለም። መንገደኛ በሞላበት አውሮፕላን ውስጥ ቦምብ ይዞ መግባቱ በራሱ ስም የሚጻፍ ነው። የራሱንና የማርታን ዕድሜም ያለ ጊዜው አጥፍቷል። ሰላማዊ ሰልፍ በጥይት የሚመለስበት ዘመን እንደነበር እረዳለሁ፤ ያንን የዘመኑ መንግሥት ይጠየቅበት። ቢሆንም የሚከብድ ጥያቄ አንስቶ ሦስት ዓመት ከሞላው ብዙም ሳይቆይ መሞት ጥያቄውን ለማንም ትቶ መሄድ ነው። ዋለልኝ ቢኖር ኖሮ ጽሑፉን ያርመው፣ ተሳስቼ ነበር ይል፣ ወይም እንዲህ አላልኩም ብሎ ይሟገት ነበር። ሙት አይሟገትም። ስለዚህ የወደደውም የጠላውም የፈለገውን በስሙ አደረገ።

በቡድኖቻችን አንድ ልማድ አለ። ሁላችንም ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ ተራ የማይደርሳት ሴት የለችም። ነገር ያነሳች ሴት መልሱን ሳትሰማ አትነሳም። ስንጀምር ይህ ደንብ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። የዋለልኝን ሕይወት ካነበብኩ በኋላ ግን ትርጉሙ ገባኝ። ያ ትውልድ ጥያቄውን ሲያነሳ ገበሬው አልነበረም፣ ሴቷ አልነበረችም። መልሱ ሲመጣ ደግሞ ጠያቂው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ከትቤ ወደዚያው ቡድን ሄድኩና ቁጠባው ከተቆጠረ በኋላ አነበብኩላቸው። ፀጥ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ሁለቱ እንደገና ተከራከሩ። እናትየው ወንድሜ በከንቱ አልሞተም አሉ። እህታችን ወንድምዎ ቢሞትም እኔ ዛሬም አገር የለኝም አለች። ድምፃቸው ከፍ አለ። ግን በዚህኛው ቀን ማንም አልተነሳም፤ ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። በመጨረሻ እናትየው መነጽራቸውን ፈልገው ቅጹን እንዳቀርብላቸው ጠየቁኝ። ዋስ የምሆነው ለእሷ ነው እንጂ ለዋለልኝ አይደለም ብለው ፈረሙ።

ሁለቱ ስለ ዋለልኝ ዛሬም አይስማሙም። በጎቹ ግን ለፋሲካ ደርሰው ተሸጡ፤ እህታችን ሦስተኛ ክፍያዋን በቀኑ ከፍላለች። በመዝገቤ ላይ ስማቸው ከላይና ከታች አንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ውድ እህቶቼ፣ በመካከላችን ዛሬም ልጆቻቸው ከቤት ወጥተው ያልተመለሱ እናቶች አሉ። ልጆቻችን ከባድ ጥያቄ ሲያነሱ አፋቸውን አንዝጋ፤ ዝም ያሰኘነው ልጅ የሚሰማው ፍለጋ ከቤት ይወጣል። አስቀምጠን እንስማቸው። ጥያቄያቸው ሲመለስ ለማየት በሕይወት እንዲቆዩም እንለምናቸው። የዋለልኝንና የማርታን፣ ከእነሱም በኋላ በየወገኑ የወደቁትን ወጣቶች ሁሉ ነፍስ ይማር። ለአገራችን ሰላም፣ ለማኅበራችን ዕድገት እመኛለሁ።